ምስጋና ለአውሮራው መካኒክ፣ ጥቆማ ለትራክ አሽከርካሪዎች

በዴንቨርና በአካባቢዋ ትራክ የምታሽከረክሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አውሮራ ውስጥ የናፍጣ ሞተር የሚጠግኑ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ያደረጉልኝን ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ትራኬ የ2015 ሥሪት ነው፤ ከሰው እጅ የገዛሁት ሲሆን ከ400 ሺህ ማይል በላይ ሄዷል። ባለፈው ጥር የጭስ ማጣሪያው፣ ማለትም ዲፒኤፍ የምንለው፣ መብራት ይበራ ጀመር። ዳር ይዤ ቆሜ ሪጀን አደርጋለሁ፣ ማለትም ማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸት በሙቀት እንዲቃጠል አደርጋለሁ፤ ጥላሸቱ ሲቃጠል መብራቱ ይጠፋል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይበራል። አንድ ቀን ጭነት ይዤ ከዴንቨር በስተምዕራብ ተራራው ላይ ወዳለው አይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ሞተሩ ጉልበት ነሳኝ። በዚያ ብርድና በረዶ የአደጋ መብራት አብርቼ ዳገቱን እንዴት እንደጨረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ጥላሸቱን በኮምፒውተር እያስገደደ ሦስት ጊዜ አቃጠለው፤ ሦስቱንም ጊዜ አስከፈለኝ። በመጨረሻ «ማጣሪያው አልቆለታል» ብሎ የአዲሱን ዋጋ ጻፈልኝ፤ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ። ማጣሪያውን ነቅለህ ጣለው ብሎ የመከረኝም አለ። ይህ በአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ የተከለከለ ነው፤ ማንም እንዳያሳስታችሁ።

ጋሼ ኮምፒውተራቸውን ከማገናኘታቸው በፊት ሞተር አስነስቼ ስንት ሰዓት ቆሜ እንደማድርና ምን ዘይት እንደምጠቀም ጠየቁኝ። ከዚያ ማጣሪያውን ፈትተው ጭሱ በሚወጣበት በኩል ነጭ ጨርቅ አሻሹበት። ጨርቁ እንደነጣ ተመለሰ። «አየህ ልጄ፣ ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ጨርቅ ይጠቁር ነበር። ማጣሪያህ ደህና ነው» አሉኝ። ቀጥለው ቀጭን ሽቦ አነሱና ጭሱ በሚገባበት በኩል ካሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ አንዱ ሰደዱት። ሽቦው ግማሽ መንገድ እንኳን ሳይደርስ ቆመ። ሌላ ቀዳዳ ሞከሩ፤ እሱም ያው ነው።

«ይህ አመድ ነው። ጥላሸት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይነድዳል። አመድ ግን ነድዶ ያለቀ ነገር ነው፤ ደግመህ ብታነድደው ምን ይሆናል?» አሉኝ። አመዱ የሚመጣው ከሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ካሉ ማዕድናት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። መቶ ጊዜ ሪጀን ብናደርግ አይወጣም፤ ማጣሪያው ተፈትቶ በማሽን መጽዳት አለበት። በጋራዥ የአየር ቱቦ መንፋትን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው፣ የማጣሪያውን ሴራሚክም ሊጎዳ ይችላል። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ማጣሪያውን በፊቴ መዘኑት፤ ያ ሽቦም ሁለተኛ ሲገባ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ ልሄድ ነበር። እሳቸው ግን «አመዱ የዓመታት ነው፤ ጥላሸቱ በየቀኑ የሚሞላበት ምክንያት ሌላ ነው» ብለው ከሞተሩ ሥር ገቡ። ከኢንተርኩለሩ፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው የጎማ ቱቦ በማሰሪያው ሥር ጥፍር በምታህል ስንጥቅ ተከፍቷል። አየር ያነሰው ሞተር ናፍጣውን በደንብ ስለማያቃጥል ጥላሸት ይተፋል። ቱቦውን ቀየሩት፤ የቱቦውን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። ጽዳቱንም ጨምሮ የከፈልኩት ሁሉ የአዲሱን ማጣሪያ ሩብ አይሞላም። አዲስ ግዛ ቢሉኝ ኖሮ አምኜ እገዛ ነበር፤ አዲሱንም ያው ስንጥቅ በጥላሸት ይሞላው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው ሲኬ-4 የሚል መለያ ያለውን፣ አመድ የሚቀንሰውን ዘይት ነው። ያለ ምክንያት ሞተር አስነስቼ መቆምም ትቻለሁ። ቆማችሁ ሪጀን ስታደርጉ ደግሞ ደረቅ ሣር ላይ እንዳትቆሙ፤ የሚወጣው የጋለ ጭስ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የጋራዡን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜም ይሠራሉ፤ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ናቸውና አትደውሉላቸው።