ከአዘዞ አራዳ በወር ኮንትራት፦ አምስት ወር የከፈልኩበት ወንበር

የምሠራው ጎንደር፣ አራዳ ነው፤ አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ቤቴ አዘዞ። መሃሉ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በወር 26 ቀን እመላለስበታለሁ። ከጥር ወዲህ ታክሲ መጋፋቱን ትቼ በወር ኮንትራት የሚያመላልሰን ሚኒባስ ላይ አንድ ወንበር ይዣለሁ። መደብር የሚመጣ የሰፈር ሰው ሁሉ "ያዋጣል ወይ?" ይለኛል። በአፍ ከምናገር ደብተሬን ልግለጥ።

ታኅሣሥን እንይ። ከአዘዞ አራዳ በአንድ መኪና የሚያደርስ ታክሲ ሳገኝ እከፍል የነበረው 30 ብር ነው። ደርሶ መልስ 60፤ በ26 ቀን 1,560 ብር። ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛውና ተማሪው አንድ ላይ በሚወጣበት ሰዓት፣ ቀጥታ የሚጭን የለም። ረዳቱ "ማራኪ! ማራኪ ብቻ!" እያለ ይጣራል። መንገዱ ላይ ያለው ማራኪ ሰፈር እንወርዳለን፣ እንደገና ተጋፍተን ሌላ እንይዛለን። መስመሩ እንዲህ ሲቆራረጥ የመጀመሪያው 25፣ ሁለተኛው 15፣ በአንድ ጉዞ 40 ብር ይወጣል። ማታም ያው ነው። በወር 2,080 ብር። በዚያ ላይ 4 ጠዋት ስለረፈደብኝ ከማራኪ ባጃጅ በኮንትራት ይዣለሁ፣ እያንዳንዱን በ120 ብር። የታክሲውን 15 ብር ስቀንሰው ተጨማሪው ወጪ 420 ነው። የታኅሣሥ ድምር 2,500 ብር።

የኮንትራቱ ወንበር 1,900 ብር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ታሪፉ ተከብሮ፣ ሰው ቀጥታ የሚጫን ቢሆን ኖሮ ኮንትራቱ በወር 340 ብር ያከስረኝ ነበር እንጂ አያተርፈኝም። ገንዘቤን ስትበላ የኖረችው ያቺ "ማራኪ ብቻ" የምትለው ጥሪ ናት። ይህን ያወቅኩት ቁጭ ብዬ ስደምር ነው፤ ከዚያ በፊት "ታክሲ ተወደደ" ብቻ ነበር የምለው።

ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ እሠራ ነበር። አያት ተከራይቼ ስታዲየም ድረስ የምሄደው በቀላል ባቡሩ ነው። ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ላይ ነው፤ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ስለዚህ የፈለገ ብሄድ ደርሶ መልሴ ከ12 ብር አያልፍም። መጨናነቁን አልረሳሁትም፤ አያት ላይ ካልተሳፈርክ ወንበር ማሰብ ከንቱ ነው። ግን ዝናብ ዘነበ ብሎ የሚጨምር፣ መንገድ ላይ "እዚህ ጋ ውረዱ" የሚል አልነበረም። በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የነዳጅ ሰልፍም አያስቀረውም። ጎንደር ባቡር የለንም። ከዚያ ኑሮ የናፈቀኝ የሐዲዱ ጉዳይ አይደለም፤ ወሩ ሲገባ የመንገዴን ወጪ ማወቄ ነው። ኮንትራቱ ያንን መልሶልኛል።

መኪናውን በተመለከተ፦ 11 ሰዎች ነን፤ ነርሶች፣ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ እኔ። ጠዋት 1፡20 ላይ ከአዘዞ ተክለ ሃይማኖት መታጠፊያ እንነሳለን፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ ፋሲል ግምብ ጥግ እንደርሳለን። ትርፍ ሰው አይጫንም፤ ይህ ከመጀመሪያው የተስማማንበት ነው፣ እስካሁንም ተከብሯል። የሁሉም ወንበር የታወቀ ስለሆነ ምሳ ዕቃዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ክፍያው ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በቴሌብር ነው፤ የምትሰበስበው አንዷ ነርስ ናት፣ ሁላችንም "ሲስተር" ነው የምንላት። ሹፌሩ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አቀበቱን በዝግታ የሚወጣ ሰው ነው። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ፍጥነቱ አላስደነገጠኝም። እናት ለሆንን ሰዎች ይህ ዋጋ አለው።

ጉድለቱ ነዳጅ ነው። ሰልፍ ሲረዝም መኪናው አይመጣም፤ በአምስቱ ወር 6 ቀን ቀርቷል። አንዳንዴ የምንሰማው ጠዋት 1፡10 ላይ፣ ከቤት ከወጣን በኋላ ነው። እነዚያን ቀናት በቀን 80 ብር ከፍዬ በታክሲ ሄጃለሁ፤ የኮንትራቱ ሒሳብ ግን አልተቀነሰልኝም ነበር። መጋቢት ላይ አልቻልኩም፣ ሹፌሩን አናገርኩት።

"ጋሼ፣ ያልሄድኩበትን ቀን እንዴት እከፍላለሁ?" አልኩት።

"እታለም፣ ሰልፍ ላይ ያደርኩትን ሌሊትስ ማን ይቁጠርልኝ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም፤ ቤንዚን በጥር 2017 ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ነበር። እሱም ቤተሰብ አለው። ግን የኔም ደሞዝ አልጨመረም። በመጨረሻ ሲስተር ገብታበት ተስማማን፦ መኪናው የቀረበት ቀን 73 ብር ይቀነሳል፣ እንደሚቀር ካወቀ ደግሞ ማታውኑ ይደውላል። ከዚያ ወዲህ የቀረው 2 ቀን ነው፤ 146 ብሬ ተመልሶልኛል።

ሌላው በዓል ነው። ጥር 11 እና 12 ከተማው በሙሉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ ማን ሥራ ይገባል? ኮንትራቱ ግን ሙሉ ነው። በአምስቱ ወር መደብራችን የተዘጋባቸው 4 ቀናት ናቸው፤ የታክሲ ተሳፋሪ ብሆን 320 ብር አላወጣም ነበር። ይህንን እስካሁን አላነሳሁትም። ለመስከረም አነሳዋለሁ።

ስለዚህ የደብተሬ ድምር፦ ከታኅሣሡ ወጪ ጋር ሲተያይ በወር 600፣ በአምስት ወር 3,000 ብር፤ መኪናው በቀረባቸው ቀናት የወጣብኝ 334፣ ለበዓላቱ 320 ሲቀነስ 2,346 ብር ተርፎኛል። በዚህ ላይ ያልጠበቅነው መጣ። በየቀኑ ያው ፊት ሲተያይ እቁብ ተጀመረ፤ በሰው 500 ብር፣ በወር 5,500። የግንቦቱ ዕጣ ለኔ ወጣና ጨምሬበት ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስገባሁ።

ማራኪ ለሚኖር ሰው ይህን አልመክርም። እህቴ እዚያ ናት፤ በ15 ብር ትደርሳለች፣ ጊዜ ሲኖራት በእግሯ ትሄዳለች፤ የወር ክፍያ ኪሳራ ይሆንባታል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ብቻ ለሚወጣም አይሆንም። ከአዘዞ በየቀኑ ለሚመላለስ ግን፣ ከመክፈሉ በፊት የቀረበት ቀን እንዴት እንደሚቀነስ ይነጋገር፤ እኔ ሁለት ወር ዝም ብዬ ነው የከፈልኩት።

የሰኔን ልኬያለሁ። ከኋላ በመስኮቱ በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ መምህሯ ወደ ባሕር ዳር ተዛውራለች። የሚፈልግ ሰው ጠዋት 1፡15 ላይ መታጠፊያው ጋ መጥቶ ሲስተርን ይጠይቅ።