«መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ?» ላላችሁኝ ሁሉ፦ ፑማዋ ከዓመት በኋላ

ይቺን መኪና ስገዛ ያልመከረኝ ሰው የለም። ደላላው፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነበር የሚያነሳው፦ «መለዋወጫ ከየት ልታመጣ ነው?» ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የብራዚል ስፖርት መኪና መንዳት እብደት ነው አሉኝ። ቪትዝ ግዛ፣ ኮሮላ ግዛ፣ በፈለግከው ቀን ትሸጠዋለህ አሉኝ። እንግዲህ ከዓመት በላይ ነድቻታለሁ። ክረምቱንም የኅዳርን ውርጭም አብረን አሳልፈናል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከያዝኳቸው መኪኖች ሁሉ በመለዋወጫ ያላስቸገረችኝ ይቺ ናት።

መኪናዋ ፑማ ጂቲኢ ትባላለች። እዚህ ፑማ ሲባል የሚታወቀው ጫማው ነው፣ ከሱ ጋር ግን አትገናኝም። ድሮ አንድ የውጭ ሰው ይዟት መጥቶ፣ ሲሄድ ሸጧት ሄደ። አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ብዙ ዘመን ቆማለች። ሊብሬዋ ንጹሕ ነው። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኤክሳይዝ ታክሱ በ2012 ከተሻሻለ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት የማይታሰብ ሆኗል፣ አሁን ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባቱ ራሱ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለውን ነው መንከባከብ።

ፑማን የሠሩት ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ነው። ሪኖ ማልዞኒ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለውድድር ብሎ የጀመረው ሥራ ነው። መጀመሪያ ሻንሲውም ሞተሩም ዲኬደብልዩ የሚባለው የጀርመን መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ፎልስዋገን ብራዚል ውስጥ ዲኬደብልዩን የሚያመርተውን ፋብሪካ ገዝቶ ምርቱን ሲያቆመው፣ እነ ፑማ ሞተር አልባ ሆነው ሊቀሩ ሆነ። ምን አደረጉ? ወደ ፎልስዋገን ዞሩ። ከ1968 ጀምሮ ካርማን ጊያ የምትባለውን የፎልስዋገን መኪና ሻንሲ እየወሰዱ፣ መሃሉን ቆርጠው እያሳጠሩ፣ ላዩ ላይ የፋይበርግላስ ቦዲ ጫኑበት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2,400 ሚሊሜትር የነበረው 2,150 ሆነ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ነው። ጂቲኢ ላይ 1,600 ሲሲ ሆኖ ሁለት ካርቡራተር አለው።

ቮልስ! ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ሲሠራ የኖረው፣ እኛም አገር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መካኒኮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱትና የሚገጥሙት መኪና። ደላላዬ ይሄን ሊሰማኝ አልፈለገም። ቦዲውን ብቻ አይቶ «የማይታወቅ ነገር» አለ። ካንዴላው የቮልስ፣ ፍሬኑ የቮልስ፣ ጊርቦክሱ የቮልስ። ሶማሌ ተራ ሄጄ «የፑማ አላችሁ?» ብል ማን ይሰማኛል? «የቮልስ አላችሁ?» ስል ግን ዕቃው ከነአቧራው ይወጣል።

በደንብ የገባኝ ደብረ ሲና ላይ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቼ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ሁለተኛ ላስገባ ፍሪሲዮን ስረግጥ፣ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ገመዱ ተበጥሷል። ያረጀ ገመድ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። በሦስተኛ እንዳለች በፍሬን እየያዝኩ ከተማ ገባሁና አንድ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ አጠገብ ቆምኩ። ሲኖትራክ ነበር የሚሠሩት። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና የኋላውን ኮፈን ከፍተው አዩ።

«ልጄ፣ ይቺማ ቮልስ አይደለች እንዴ?»

«ነች ጋሼ፣ ቦዲዋ ነው የተለየው።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ልጅ ላኩና አንድ ቮልስ ካለው ሰው ቤት የተረፈ የፍሪሲዮን ገመድ መጣ። ገመዱን በፔዳሉ በኩል አስገብተው ወደ ኋላ ሰደዱት፣ ጊርቦክሱ ጋ ያለውን በጣት የሚዞረውን ዳዶ አሰሩ። ገመዱ ግን ላላ ብሎ ቀረ፤ ከስንዝር ትንሽ በለጥ የሚል ትርፍ አለው። እኚህ ሰው ፑማ የሚባል መኪና አይተው አያውቁም። ትንሽ አሰቡና «ማነው ይቺን ያሳጠራት?» አሉ። ፋብሪካው የቆረጠውን 25 ሳንቲሜትር በገመዱ አወቁት! ከዚያ ገመዱን መልሰው አወጡ፣ ፔዳሉ ላይ የሚንጠለጠለውን ጫፍ ቆረጡ፣ ሽቦውን አጥፈው አዲስ ቀለበት ሠሩለት፣ አጭር የመዳብ ቱቦ አልብሰው ሁለት ቦታ ላይ በመዶሻ ቀጠቀጡት። እስከ ዛሬ የምነዳው በዚያ ገመድ ነው።

በመለዋወጫ የምታስቸግረው በዚህ ብቻ ነው። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የእጅ ፍሬን፣ የቤንዚን መስጫው ገመድ፣ የማርሹ ዘንግ፣ እንዳለ አይገባም፣ መሠራት አለበት። ሌላው ከቮልስ ፈትተህ መግጠም ነው።

እና «ከትንሽ ፋብሪካ የወጣ መኪና አትግዛ» የምትሉ ወንድሞች፣ ጥያቄያችሁን አስተካክሉ። ፋብሪካው ትንሽ መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ሞተሩን ከማን ወሰደ ነው። እንግሊዞቹን እዩ። ሞርጋን ከመቶ ዓመት በላይ በሌሎች ሞተር እየሠራ ኖሯል። ካተርሃም እ.ኤ.አ. በ1973 የሎተስ ሰቨንን መብት ወስዶ እስከ ዛሬ ያንኑ ቀላል መኪና ይሠራል፤ ሞተሩን ግን በአብዛኛው ከፎርድ ነው የሚያመጣው። ቲቪአር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የራሴን ሞተር ልሥራ አለ። ድምፁ ልብ ይሰርቃል፣ ውበቱም አይካድም። ብላክፑል የነበረው ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲዘጋ ግን ያን ሞተር የያዘ ሰው ሄዶ የሚለምንበት ሌላ ትልቅ ፋብሪካ የለውም። ፑማም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ችግር ውስጥ ገብቶ ከሰመ። እኔ ግን አልተቸገርኩም፣ ምክንያቱም የፑማ ሞተር የሚባል ነገር መጀመሪያም አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ለደጋ ሰው ልንገር። ራዲያተር የላትም። ደብረ ብርሃን በውርጭ ሌሊት ውሃ ይረጋል፣ እሷ ግን የሚረጋ ውሃ የላትም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሽቅብ ሲወጣ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍተው ጀሪካን ይዘው የሚቆሙትን ታውቃላችሁ፤ እኔ አልፋቸዋለሁ። እውነት ነው፣ የፋን ቤልቷ ከተበጠሰ ወዲያው መቆም ግዴታ ነው፣ አየር የሚነፋላት እሱ ነውና። ስለዚህ ትርፍ ቤልት ከወንበር ሥር አይጠፋም። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ዘይቱን ማየትም ቸል አይባልም።

ካርቡራተሩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጉልበቷም ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ሲቀይሩልኝ እዚህ ከተማ ውስጥ ፏ አለች። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ግን፣ ያ ከ1,300 ሜትር ብዙ የማይርቅ ቆላ ነው፣ ቤንዚን አንሶባት ሞተሩ ጋለ። መፍትሔው መሃል ላይ መያዝ ነው። እዚህ ትንሽ ትጨሳለች፣ እዚያ ደህና ትሄዳለች። ሁለቱን ካርቡራተር የሚያስተካክልልኝ ልጅ መሣሪያ የለውም። አንድ አጭር የጎማ ቱቦ አለው፤ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጎ የሚሳበውን አየር ፉጨት ይሰማል። ግራና ቀኙ እኩል እስኪያፏጭ ድረስ ብሎኗን ይነካካል። ሲጨርስ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ የነበረው መንቀጥቀጥ ይጠፋል።

ሌላው ደህና ነው። ዝናብ በበሩ ጎማ በኩል ትንሽ ይገባል። ቦዲው አይዝግም፣ በሩ አካባቢ ግን የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። ዝቅ ያለች ስለሆነች ኮብልስቶን ላይ ቀስ ነው፣ ጠጠር መንገድ ደግሞ አላስገባትም። የምትገዙ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኋላ አክስሏ የድሮው ዓይነት ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ገብታችሁ ድንገት እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው አታንሱ። ኋላዋ ያመልጣል። ማርሹን ከኩርባው በፊት ቀንሱ፣ ከዚያ በእኩል እግር ያዙ። በተለይ የጣርማበር ጭጋግ ውስጥ።

ደላላው ባለፈው ደውሎ «አሁን ገዥ አገኘሁልህ፣ ሽጣትና ደህና መኪና ግዛ» አለኝ። ደህና መኪና ማለት ምን ማለት ነው? ጎረቤቴ አዲስ ነው ተብሎ የገዛው መኪና አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ተቃጥሎበት ወራት ቆሟል። የኔዋ በመዶሻና በመዳብ ቱቦ ትነሳለች። አልሸጥም፣ ዋጋም አልሰማም።

አሁን የቀረኝ የእጅ ፍሬኑን ገመድ መቀየር ነው። መለዋወጫ የፍሪሲዮን ገመድም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ ደብረ ሲና ያላችሁ የቮልስ ባለቤቶች፣ ፔዳሉ ጋ የተበጠሰ ገመድ ካላችሁ አትጣሉት። ለእናንተ አጥሯል፣ ለኔ ግን ልክ ነው። እገዛችኋለሁ።