ጁገል ውስጥ ያሉት አንጥረኛ

አያቴ የተዉልኝን የብር የአንገት ጌጥ ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ሱቅ ሳሳይ፣ ባለሱቁ ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ብቻ ዋጋ ነገረኝ። ተናድጄ ሐረር ወጣሁ። በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ከመኪና ግርግር ገባ ብለው የሚሠሩት አንጥረኛ ግን መጀመሪያ ያዩት ጀርባውን ነበር። «ልጄ፣ ይህ የመዶሻ ምት ነው፤ በእጅ የተሠራ ነው» አሉኝ። መሐሉ ላይ የተንጠለጠለውን ጠገራ ብር ለብቻው መዘኑት፤ 28 ግራም ገደማ። 1780 የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልለኝም አስጠነቀቁኝ፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተቀረጸበት ሲመረት ኖሯል። ጠገራው ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በጌጡ ላይ ያሉት ሁለት እንክብሎች ግን ብር የተቀባ ናስ መሆናቸውን የተፋቀው ጠርዛቸው አሳየኝ። ጥቁረቱን በአሸዋ እንዳልፈትገው አደራ አሉኝ። ለምርመራው የከፈልኩት 200 ብር ብቻ ነው፤ ሽጪልኝም አላሉኝ። ከቀትር በኋላ ስለሚዘጉ በጠዋት ሂዱ።