ከመርካቶ የሚገዛው ዲጂታል ካሊፐር ለየትኛው ሥራ ይበቃል?

መርካቶም ሆነ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የእጅ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ «ዲጂታል ካሊፐር» (ዕቃን በመንጋጋዎቹ ይዞ የውፍረቱን ወይም የቀዳዳውን ልክ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጣለት ያው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፦ እስከ 150 ሚሊሜትር የሚለካ፣ ገላው የማይዝግ ብረት የሆነ፣ በፕላስቲክ ሳጥን የተቀመጠ፣ በአንዲት ክብ ባትሪ የሚሠራ። የአምራች ስም አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ እዚህ አልተጻፈም፤ ከታወቀው የጃፓን መለኪያ አምራች ከሚቱቶዮ ኦሪጅናል ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ የሚፈቀደው ልዩነት ± 0.2 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ± 0.1 ላይ ያጠራጥራል፤ ለኩሽኔታ ማረፊያ ፈጽሞ አይሆንም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ስክሪኑ ላይ ነው። 0.01 ማለት ስክሪኑ የሚያሳየው ትንሹ እርምጃ ነው እንጂ የልኩ ትክክለኛነት አይደለም። የነዚህ ካሊፐሮች ስህተት በመመሪያ ወረቀታቸው ላይ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ± 0.03 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የታወቀው የሚቱቶዮ ባለ 150 እንኳ ± 0.02 ነው የሚለው። አሁን 6204 የሚባለው ቁጥር ኩሽኔታ የሚገባበትን ዘንግ እንውሰድ። ማረፊያው «ኬ 6» በተባለው የዘንግ ልክ ደረጃ ከተሠራ ዘንጉ ከ 20.002 እስከ 20.015 መሆን አለበት፤ የተሰጠው ክፍተት በሙሉ 0.013 ብቻ ነው። ዘንጉ 20.03 ሆኖ ካሊፐሩ 20.00 ሊያነብ ይችላል፤ ያ ኩሽኔታ በግድ ተመትቶ ይገባና ይግላል። 19.98 ሆኖም 20.01 ሊያነብ ይችላል፤ ያኛው ደግሞ ዘንጉ ላይ እየተሽከረከረ ይበላዋል። ለዚህ ሥራ ከካሊፐር ይበልጥ በትክክል የሚለካው ማይክሮሜትር ነው የሚያዘው፣ ክርክር የለውም።

ከመክፈል በፊት ባንኮኒው ላይ የሚደረግ ፈተና አለ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅና ከታመነ አቅራቢ የተገዛ አዲስ 6204 ኩሽኔታ ነው። መጀመሪያ መንጋጋዎቹን ጠርጎ መዝጋትና ወደ ብርሃን ማቅናት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ብርሃን ሾልኮ ከታየ መንጋጋው ጠማማ ነውና ሌላ ይምጣ። ቀጥሎ ዜሮ አድርጎ አሥር ጊዜ መክፈትና መዝጋት፣ ግማሹን ቀስ ብሎ፣ ግማሹን በፍጥነት። ሁልጊዜ ወደ 0.00 ወይም 0.01 መመለስ አለበት። በፍጥነት ሲሳብ ዜሮው የሚሸሽ ካሊፐር የምርት መሥመር ላይ የሚሠራ ሠራተኛ እጅ ሲገባ በየሰዓቱ ያሳስታል።

ከዚያ ወደ ኩሽኔታው። ውጩ 47፣ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ነው። በመደበኛው የጥራት ደረጃ ውጩ ከ 46.989 እስከ 47.000፣ ቀዳዳው ከ 19.990 እስከ 20.000 ባለው ውስጥ ይሠራል፤ ለካሊፐር ከዚህ የተሻለ ኪስ ውስጥ የሚገባ ማጣቀሻ አይገኝም። ውጩን ሲለካ ከ 46.96 እስከ 47.03 ካነበበ ደህና ነው። ውፍረቱ 14 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ በእሱ የሚፈትኑ አሉ፤ ውፍረት ግን እስከ 0.12 ድረስ እንዲያንስ ስለሚፈቀድ ካሊፐሩን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። ቀዳዳውን በላይኞቹ ትንንሽ መንጋጋዎች ሲለኩ ጥቂት ወዲህ ወዲያ እያሉ ትልቁን ንባብ መያዝ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ዋናው ነው፦ ያንኑ ኩሽኔታ አንድ ጊዜ መንጋጋው ሥር፣ አንድ ጊዜ ጫፉ ላይ መለካት። ሁለቱ ንባቦች ከ 0.03 በላይ ከተለያዩ ተንሸራታቹ (ስክሪኑን ይዞ የሚሄደው ክፍል) ይወዛወዛል ማለት ነው። ይህ ግን ይስተካከላል። ተንሸራታቹ ጠርዝ ላይ ሁለት ደቃቅ ቪቴዎች አሉ፤ በትንሽ ካቻቪቴ እስኪይዙ ማጥበቅ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸውን ከሩብ ዙር ባነሰ ማላላት። ሥራ ላይ ያሉ ብዙ «ተበላሹ» የተባሉ ካሊፐሮች ችግራቸው ይኸው ነው።

ባትሪው ላይ ደግሞ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። ርካሾቹ ሲጠፉ የሚጠፋው ስክሪናቸው ብቻ ነው፤ ውስጣቸው ቦታውን ለማስታወስ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ካሊፐርም ባትሪ ይጨርሳል። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ንባቡን ማመን አይገባም። ኤልአር 44 የሚባለው ባትሪ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ኤስአር 44 ግን እስከ መጨረሻው ይጸናል፤ መጠናቸው አንድ ስለሆነ ከተገኘ ሁለተኛውን መግዛት ነው።

የቶርኖ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተንሸራታቹ የሚሄድበት የመለኪያ ስኬል ላይ ከፈሰሰ ቁጥሩ ይዘላል፤ በደረቅ ጨርቅና በትንሽ አልኮል ይጠረጋል። ከቶርኖ ገና የወረደ ብረትም ሳይቀዘቅዝ አይለካም፦ 100 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ከካሊፐሩ በ 20 ዲግሪ ከሞቀ በ 0.023 ይረዝማል። የፕላስቲክ ክዳን በጣም ተጭነው ከለኩት ደግሞ ይጨመቅና አንሶ ይነበባል።

ለፋብሪካ የምንመክረው የግዢና የአጠቃቀም ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ኦሪጅናል ካሊፐር ወይም የልኬት ብሎክ (ልካቸው በትክክል የታወቀ የማጣቀሻ ብረቶች) ስብስብ ጥራት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ካሊብሬሽኑ (የትክክለኛነት ፍተሻው) ይያዝለት፣ መሥመር ላይ አይውጣ። ርካሾቹ መሥመር ላይ ይሥሩና በየሳምንቱ በ 10፣ በ 50 እና በ 100 ሚሊሜትር ከእሱ ጋር ይተያዩ። ዓለም አቀፉ የጥራት አስተዳደር ደረጃ አይሶ 9001 መሣሪያው ስቶ ሲገኝ ቀድሞ የተለካው ምርት ትክክል መሆኑ እንዲጣራ ይጠይቃል። ፍተሻው በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ የሚጣራው የዓመት ምርት ነው፤ አብዛኛውም ደንበኛ ዘንድ ደርሷል። በሳምንት ከሆነ ግን ገና መጋዘን ውስጥ ያለ ይሆናል። ወጪውን የሚወስነው የካሊፐሩ ዋጋ ሳይሆን ይህ ነው።

ሠራተኞቹም ይፈተኑ። 10 ዕቃ፣ 3 ሰው፣ እያንዳንዱ 3 ጊዜ፣ የዕቃው ቁጥር ሳይታያቸው ይለኩ። ከመለካቱ የመጣው ልዩነት ከተፈቀደው ልዩነት ከ 10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ እስከ 30 እንደ ሥራው ዓይነት ያስኬዳል፤ ከዚያ ካለፈ ወይ መሣሪያው ይቀየራል ወይ አያያዙ ይሠለጠናል።

«ሚቱቶዮ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ሐሰተኛው ገበያ ላይ ብዙ ነው። ዋጋው ከስም የለሹ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ሐሰተኛ ነው ብሎ መያዝ፣ ደረሰኝና የፍተሻ ወረቀት መጠየቅ። የንብረት ቁጥር ለመጻፍ በኤሌክትሪክ መቅረጫ ብዕር ገላውን መንካት ግን ለየትኛውም ዲጂታል ካሊፐር ክልክል ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል። ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል። መሥመር ላይ ላሉ ስድስት ካሊፐሮች የተፈተሹ ሁለት ትርፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ፣ ባትሪያቸው ወጥቶ ከጎናቸው።