ለተሰነጠቀ ከንፈር የሰም ቅባት፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በጋ ላይ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ጠዋት ብርድ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ። ዘንድሮ ከታኅሣሥ ጀምሮ የታችኛው ከንፈሬ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ አልድን ብሎኝ ነበር። አሁን የምጽፈው ስላዳነኝ ቅባት ነው። ግን ከንፈር ሲታመም ምን ምን እንደሚያስቀር ሳልነግራችሁ ስለ ቅባቱ ብቻ ባወራ ለምን እንዲህ እንደወደድኩት አይገባችሁም።

ልጆች ሆነን እንግዳ ፊት ስናስቸግር እናቴ አንድ ቃል አትናገርም ነበር። የታችኛውን ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ታየናለች፣ በቃ፣ ቁጭ እንላለን። እኔም ልጄን የምገሥጸው እንደዚያው ነው፤ እሱም ለንቦጩን ይጥልና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ዘንድሮ ግን ከንፈሬን ነከስ ባደረግሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግንባሬን ብቻ አስነክቼ ተመለስኩ። ሽሮ ላይ ያለችው በርበሬ እንኳን ታቃጥለኝ ነበር፣ ሚጥሚጣማ አይወራም።

የባሰብኝ ለቅሶ ቤት ነው። የብሎካችን ሰው አርፎ ድንኳን ተቀምጠናል። ባለቤቱ የመጨረሻዋን ሌሊት ስታወራ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ሳላስበው መጠጥኩ፣ ስንጥቁ ተከፈተ፣ የደም ጣዕም አፌ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ እሷ ታወራለች፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። "ከንፈር መምጠጥ ብቻውን ምን ያደርጋል" ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ ያቺን ድምፅ ማሰማት ሲያቅት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ፣ ሰምቼሻለሁ፣ አብሬሽ ነኝ የምንባባለው በእሷ ነዋ።

አጠገቤ የነበሩ እናት አዩኝና "ውይ ልጄ፣ ከንፈርሽን ምን ነካው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልኝና፣ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ማርና ቅቤ የምትሸጥ ልጅ የሰም ቅባት ራሷ እንደምትሠራ ነገሩኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ልጅቷ ማር እየመዘነች ነበር። ሁለቱም እጇ ስለተያዘ ከንፈሯን አሾል አድርጋ ወደ መደርደሪያው ጠቆመችኝ። ትንሽ ክብ ቆርቆሮ፣ 150 ብር። "ሰም፣ የወይራ ዘይትና ትንሽ ማር ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም እህቴ" አለችኝ።

ክዳኑ ሲከፈት ጧፍ ጧፍ ይሸታል፣ ሽታውን ወድጄዋለሁ። ጠዋት በብርድ ይጠነክራል፣ በጣት ፈተግ ፈተግ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አይገርምም። አንዴ ከተቀባ ግን ቡናዬን ጠጥቼ እንኳን ከንፈሬ ላይ አገኘዋለሁ። ቫዝሊንም እርጥበቱ እንዳይወጣ ይከድናል፣ መጥፎ አይደለም፣ እኔ ላይ ግን ቶሎ ነው የሚጠፋው።

ስትሸጥልኝ "ከንፈርሽን አትላሺ" ብላኛለች። ልክ ናት። የከንፈር ቆዳ ስስ ነው፣ ላብም አያወጣም፣ ምራቁ ሲደርቅ የነበረውን እርጥበት ይዞት ይሄዳል። እኔ ደግሞ በቀን ስንቴ ከንፈሬን እንደምልስ ያወቅሁት ሰሙ ምላሴ ላይ እየመጣ ሲነግረኝ ነው። ታክሲ ስጠብቅ፣ ስልክ ሳወራ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሁሌም።

በ4ኛው ቀን መድማቱ ቆመ። በ10ኛው ቀን ስንጥቁ ገጠመ።

የጎደለው ነገርም አለ። ቆርቆሮው ላይ ምን እንዳለበትና መቼ እንደተሠራ አልተጻፈም። ቢጻፍ ደስ ይለኛል፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ፀሐይም አይከላከልም፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ቀን ስወጣ በነጠላዬ እሸፈናለሁ። ማር ስላለበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳትቀቡ፣ ማርና ሰም የማይስማማችሁም ተዉት።

ባለፈው እሑድ ግንባሬንም ከንፈሬንም አስነክቼ መስቀል ተሳለምኩ። ሁለተኛዋን ቆርቆሮ ለእናቴ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ አልቆ ነበርና ጠዋት ሂዱ።