ዜድ ብራኬት ለአርቪ ጣሪያ፦ እግሩ ጠንካራ፣ ስክሩው ቀሽም

አሜሪካ ውስጥ አርቪው (መኖሪያ ሆኖ የተሠራ የጉዞ መኪናው) ላይ ሶላር ለመስቀል የሚነሳ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ዜድ ብራኬትን፣ ማለትም እንደ Z ፊደል የታጠፈውን የፓነል መስቀያ እግር ነው። አንዱ ፓኮ አብዛኛውን ጊዜ አራት የአሉሚኒየም እግር፣ አራት ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ ስምንት ስክሩ ይይዛል፤ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች ነው። ለ100 ዋት ፓነል አራቱ እግር ይበቃል። ለ200 ዋት በረጅሙ ጎን መሀል ለመሀል አንዳንድ ጨምሩና ስድስት አድርጉት። እግሩ ላይ ቅሬታ የለንም፤ አይዝግም፣ በቀላሉም አይጎብጥም። ከአምስት ኮከብ ሦስት የሰጠነው በስክሩው ምክንያትና ፓኮው ውስጥ መኖር ሲገባው በሌለው ነገር ነው።

የነፋሱን ጉልበት አትናቁ። የ100 ዋት ፓነል 106 በ53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የሚመጣ ነፋስ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ቢያርፍ በ30 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ሲታከልበት ወደ 57 ኪሎ ይወጣል። ጣሪያ ላይ የተጋደመ ፓነል ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ ግን ከፊተኛው ጠርዝ ስር የሚገባው አየር ሽቅብ ይነቅለዋል። ፓነሉን ከአየር ማቀዝቀዣው ጀርባ መደበቅም መፍትሔ አይደለም፤ ጥላው ኃይሉን ይበላዋል።

እንግዲህ ፓነሉን የሚይዘው ስክሩው የነከሰው እንጨት ነው። የብዙ አርቪዎች ጣሪያ ከጎማ ሽፋኑ ስር ያለው ፕላይውድ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ የሳሳ ነው። አብሮ የሚመጣው ስክሩ እዚያ ላይ ሲጠብቅ ደህና ይመስላል፤ መንገድ ሲያንገጫግጨው ግን ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል። ቢያንስ የፊቶቹን ሁለት እግሮች ወራጁ ላይ አሳርፉ። ወራጁን ለማግኘት ጠንካራ ማግኔት ጣሪያው ላይ ጎትቱ፤ ፕላይውዱን ወራጁ ላይ ያጣበቁት ስክሩዎች ይስቡታል፣ መስመራቸውም ይወጣል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጎንበስ ብሎ ለሚያይም የስክሩዎቹ ራስ ከጎማው ስር ብጉር ብጉር ብሎ ይታያል።

ስክሩዎቹን 10 ቁጥር፣ 32 ሚሊ ሜትር በሚረዝም የስቴንለስ ስክሩ ቀይሯቸው። ቀድሞ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳል። መብሻው ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ልክ ፕላስተር ጠምጥሙበት፤ ከስር የኤሌክትሪክ ገመድና የማቀዝቀዣው የአየር መስመር ሊኖር ይችላል። መጨረሻውን በእጅ አጥብቁ። ድሪል ሲጨርሰው አንዴ "ጠቅ" ብሎ በባዶ መዞር ከጀመረ እንጨቱ ተፈልፍሏል፤ እዚያው ቀዳዳ ላይ መታገል ትርፉ ድካም ነው፣ እግሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አሽሹትና አሮጌውን ድፈኑ።

አሁን ፓኮው ውስጥ ወደሌለው እንምጣ፦ ማሸጊያ። ያለሱ ስምንት ቀዳዳ ማለት ስምንት የውኃ መግቢያ ነው። ጣሪያው ኢፒዲኤም ወይም ቲፒኦ (የጎማ ዓይነት የጣሪያ ሽፋኖች) ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ በአልኮል ጥረጉት። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ አታስጠጉ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ከእግሩ ስር የቡቲል ቴፕ (እንደ ሊጥ የሚለጠፍ የማሸጊያ ቴፕ) ይነጠፋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ማሸጊያ ይጨመራል፣ ስክሩው ሲጠብቅ ቡቲሉ በጠርዙ ብቅ ይላል። ከላይ ዳይኮር የሚባለውን የአርቪ ጣሪያ ማሸጊያ አፍስሱበት፤ የስክሩው ራስ ጨርሶ እስኪሰወር፣ ከእግሩ ጠርዝም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪያልፍ። ለአራት እግር አንድ ቱቦ አይተርፍም፤ ለገመዱ መግቢያ ሌላ ያዙ። ተዳፋት ላይ ራሱ የሚተኛው ዓይነት ወርዶ ይቀራል፤ ለዚያ የማይፈሰውን ግዙ። ሲሊኮን የሚባል ነገር አታምጡ። ጎማው ላይ በደንብ አይይዝም፤ ይባስ ብሎ በኋላ ሌላ ማሸጊያ እላዩ ላይ አያስጠጋም።

የዜድ ብራኬት ዋናው ድክመት ግን ሲፈታ ነው የሚታየው። ዳዶው በፓነሉ ፍሬም ውስጠኛ ክፍል ስለሚቀር፣ ፓነሉ ከተሰቀለ በኋላ ቁልፍ አያስገባም። አንድ ፓነል ቢበላሽ ዳይኮሩን ቆርጦ እግሩን ከጣሪያው መንቀል ነው፤ አዲስ ቀዳዳ፣ አዲስ ሥራ። ስለዚህ እግሮቹን መሬት ላይ እንዳላችሁ በ10 ቁልፍ አጥብቁ። ስቴንለስ ከስቴንለስ ጋር በፍጥነት ሲዞር ስለሚነካከስ ጥርሱን ትንሽ ግራሶ ቀቡት። ፓነሉን ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ በቴስተር ለኩ፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ፓነል ጭነት ሳይኖርበት ወደ 22 ቮልት ማሳየት አለበት። ገመዱንም ቀድማችሁ አገናኙ፣ በኋላ እጅ አይደርስበትም። በየጊዜው ፓነል የመቀየር ሐሳብ ያለው ሰው ከላይ የሚፈታ ባለ ሐዲድ መስቀያ ይግዛ፤ ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣዋል።

"ሳልበሳ ላጣብቀው" ለሚል፦ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም ጣሪያ ላይ ቪኤችቢ ቴፕ (በሁለቱም ገጽ የሚያጣብቅ ኃይለኛ ቴፕ) ይሠራል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን በክፍል ሙቀት ከ72 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ሀይዌይ አትውጡ። ጎማ ጣሪያ ላይ አይሞከርም። ቴፑ ጎማውን ቢይዝም ጎማው ራሱ ከፕላይውዱ ሊላቀቅ ይችላል።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እያንዳንዱን ማዕዘን በእጅ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። እግሩ ቢነቃነቅ፣ ወይም ዳይኮሩ በጠርዙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቢያሳይ፣ ዝናብ ሳይመጣ ፍቁት፣ የላላውን አጥብቁና እንደገና አፍስሱ።