ፋይከስ ቦንሳይ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ዛፉን ወድጄዋለሁ፣ አፈሩን አልምርም

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ። ቦንሳይ ማለት ትንሽ ሳህን ውስጥ እየተከረከመ በአጭሩ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የገዛሁት ፋይከስ የሚባለውን ነው። በዛፉ ላይ አቤቱታ የለኝም። ፋይከስ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ቻይ ነው፣ የቤት ውስጥ ብርሃን አይከብደውም፣ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ጉዱ ያለው ከግንዱ ሥር ነው።

ከላይ የተደረደሩት ነጫጭ ጠጠሮች ለጌጥ የተበተኑ ይመስላሉ። በኮላ የተጣበቁ ናቸው። መኪና ላይ እንዳይፈሱ ነው ይሉ ይሆናል፤ ይሁን፣ ታዲያ ሲሸጡ ምነው ዝም? ውሃው በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ በጠርዝ በኩል ይወርዳል፤ ከሥር ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ጠጥቷል ብሎ ይተወዋል። ከጠጠሩ በታች ያለው ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከሳህኑ ግድግዳ ይላቀቃል፣ ውሃ በስንጥቁ ያልፋል፣ መሃሉ እንደ ጡብ ይደርቃል። ሲርስ ያብጥና አየር ይዘጋል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። አንድ ዛፍ መሃሉን ተጠምቶ ዳሩን ሊበሰብስ ይችላል ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ የረገፈው በዚህ ነው።

"ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ይጥላል፣ ልማዱ ነው" ይላል ሻጭ። እውነት ነው፣ ይጥላል፤ ግን በገባ በሳምንታት ውስጥ እንጂ ከሦስት ወር በኋላ አይደለም። "በሳምንት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ" የሚለውስ? ወንድሜ፣ የየካቲት ነፋስና የሐምሌ ጭጋግ እኩል ውሃ ይፈልጋሉ? ስቲኪኒ 3 ሳንቲሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ከትቶ ማውጣት ነው። እርጥብ ከሆነ ይቆይ፤ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪፈስ ማጠጣት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ መድገም። ስቲኪኒው አልገባም ካለ ችግሩ ታወቀ።

አፈሩ የሚቀየረው ብርዱ ሲለዝብ፣ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሳህኑን ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ አንዳንዱ ኮላ ይሟሟል፣ እምቢ ያለውን በካቻቢቴ መፈንቀል። ዋልካውን በሹካ ከሥሩ ቀስ እያሉ ማራገፍ። ጠቁሮ የላላና የሚሸት ሥር ይቆረጣል፤ ጠንካራው ይቀራል። በጠቅላላው ከሢሶ በላይ አለመቁረጥ። ከተቆረጠው ነጭ ወተት ቢፈስ አያስደነግጥም፣ ልብስና ቆዳ ላይ ግን አይንካ።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር። በሰው አገር የቦንሳይ ሰዎች በከረጢት ታሽጎ በውድ የሚገዙት የእሳተ ገሞራ ጠጠር እዚህ ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ተቆልሏል፦ ቀይ አሽና ፑሚስ። ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት። ጠጠሩ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በሁለት ወንፊት ይነፋል፤ ዱቄቱ ካልታጠበ ከታች ተኝቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀዳዳው ላይ የመስኮት የትንኝ መከላከያ ቁራጭ ይነጠፋል፤ ዛፉ እንዳይወዛወዝ ከአሮጌ የመብራት ገመድ በወጣ መዳብ ይታሰራል፤ ከሥር የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ዛፉን ማጠጣት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀጥታ ፀሐይ የሌለበት ቦታ፣ ለአንድ ወር ማዳበሪያ የለም። ዩሪያ ግን መቼም እንዳይሞከር፤ ጥቂት ፍሬ ትንሽ ሳህን ውስጥ ሥር ያቃጥላል።

አዲስ ቅጠል በአምስተኛው ሳምንት ወጣ።

ሌላው ቀላል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለ መስኮት ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ የደቡቡ በኅዳር ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ይጨልማል። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ከመስታወቱ ራቅ ይደረግ፤ ፋይከስ ከ15 ዲግሪ በታች ያኮርፋል። የጉድጓድ ውሃ ሳህኑ ላይ ነጭ ጨው ካስቀረ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ነው።

ገንዘቤን አልጸጸትበትም፤ የከፈልኩት ለዛፉ ከሆነ። ለመግዛት ያሰበ ሰው ሒሳብ ሳይከፍል ጠጠሩን በጥፍሩ ይነካካ። ካልተንቀሳቀሰ የጠጠሩንና የአፈሩን ዋጋ ያስቀንስ፤ ሁለቱንም አውጥቶ ነው የሚቀይራቸው።